የሁለት ሺው ኮሚቴ

ፈረንጆቹ 2000 ሊገባባቸው ሲል የፈሩትን ፍርሃት ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ኮምፒውተር ውስጥ መረጃ ማስቀመጫ ቦታ እጅግ ውድ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ዓመቱን በሁለት አሃዝ ብቻ ጻፉት። 1975 ለማለት 75። እስከ 2000 ይሄ ፕሮግራም የት ይቆያል ብለው ይሆናል። ፕሮግራሙ ቆየ፣ ጡረታ የወጡት እነሱ ናቸው። 99 አልቆ 00 ሲመጣ ማሽኑ 2000 ይሁን 1900 የሚለይበት መንገድ የለውም።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ባንክ የመቶ ዓመት ወለድ ያስባል፣ አውሮፕላን አየር ላይ ግራ ይጋባል፣ መብራት ይጠፋል ተባለ። መብራት ይጠፋል ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ማን እንደደነገጠ እንጃ።

እኔ ያኔ ከለገሃር ከፍ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ደብዳቤው ከበላይ አካል መጣ። «ጉዳዩ፦ በ2000 ዓ.ም. ሊከሰት የሚችለውን የኮምፒውተር ችግር ይመለከታል።» የጻፈው ሰው «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ረስቷታል። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። 1991 ይላል። «ገና ዘጠኝ ዓመት አለ» ብለው «ወደፊት የሚታይ» የሚል ፋይል ውስጥ ከተቱት። በደብዳቤው መሠረት ከሄድን ልክ ናቸው።

ማሳሰቢያው ሲደገም ነው ኮሚቴ የተቋቋመው። ዐቢይ ኮሚቴ። በሥሩ ንዑስ ኮሚቴ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ፣ ለሻይ ቡና የምትሆን ትንሽ ገንዘብ። የመጀመሪያው ስብሰባ የሰብሳቢው የሥልጣን ወሰን ላይ አለቀ። በሁለተኛው «ስጋት ያለባቸው ዕቃዎች ተቆጥረው ይቅረቡ» ተባለ። ቆጣሪዎቹ ጠንቃቃ ሰዎች ነበሩ። የፎቶ ኮፒ ማሽኑን፣ የኮሪደሩን የግድግዳ ሰዓትና የጥበቃውን ሬዲዮ ሳይቀር መዘገቡ።

ኮምፒውተሩስ? የኃላፊው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ዳንቴል ለብሶ። ከምሳ በኋላ ዳንቴሉ ይገለጣል፣ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ዳንቴሉ ይመለሳል። ደመወዝ የሚሠራው በእጅ ነው። የዓመት ፈቃድ በካርድ ነው። ቀኑን ደግሞ ልጅቷ ራሷ ትጽፈዋለች። ማሽኑ የኛን ቀን አያውቅማ። በውስጡ ምን ዓመት እንደያዘ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የኮሚቴው የመጨረሻ ውሳኔ አጭር ነበር፤ ዓርብ ማታ ሶኬቱ ይነቀል። ተነቀለ። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ገባ። የኛ አዲስ ዓመት አራተኛ ወሩን ይዟል፣ ሰው የገና በግ ዋጋ እያወራ ነው። ሰኞ ጠዋት ሶኬቱ ተሰካ። ልጅቷ «ታኅሣሥ 24 ቀን 1992» ብላ ጻፈች። ኮሚቴው «ተልዕኮው በስኬት ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት አቀረበ።

ሌላውን ዓለም ግን አልቀልድበትም። ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል ተብሎ ይገመታል። ለዓመታት ሌት ተቀን ኮድ ሲያስተካክሉ የከረሙ ሰዎች ነበሩ። ምንም ስላልሆነ «አታለሉን» ተባሉ። ከእጃቸው ያመለጡት ስህተቶችም ቢሆኑ ለሳቅ የሚበቁ ናቸው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አንድ የቪዲዮ ካሴት አከራይ ኮምፒውተር፣ ደንበኛው ካሴቱን መቶ ዓመት አዘግይቷል ብሎ 91,250 ዶላር ቅጣት አወጣበት። ፒያሳ ቢሆን ኖሮ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ሰውየውን በመልኩ ስለሚያውቀው «ነገ አምጣ» ብሎ ይሸኘዋል።

እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቀን መምታታት ለነሱ በሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣ መዓት ነው። ለኛ የማክሰኞ ሥራ ነው። ዓመቱ መስከረም 1 ይጀምራል፣ በጀቱ ሐምሌ 1። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 2 ሰዓት ሲል የሌሊቱ 8 ነው ወይስ የጠዋቱ 2 እያልን ቤተሰብ እንሰበስባለን። ፎርም ላይ ወሩ ዲሴምበር ላይ ያልቃል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው መጀመሪያ ወሩን ያጣዋል፣ ቀጥሎ ልደቱን በአራት ዓመት አንዴ ያገኘዋል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ግን አትደናገጥም። «በኛ ነው በፈረንጅ?» ትላለች። ሰባት ትቀንሳለች ወይ ስምንት ትጨምራለች፣ ሰርዛ ትጽፋለች፣ ማኅተም ታሳርፍበታለች። አለቀ። ለዚህ 300 ቢሊዮን ያወጣ የለም።

ደግሞ የኛ 2000 በተራው መጣ። ቦሌ ላይ ትልቅ አዳራሽ ተሠራ፣ ተዘፈነ። ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ ነበሩ። ያን ሰሞን የመዝገብ ቤቱ ጋሼ፣ ጡረታቸው ተራዝሞላቸው ነበር፣ «ወደፊት የሚታይ» ከሚለው ፋይል ደብዳቤውን አውጥተው ለአዲሱ ኃላፊ አቀረቡ። «ጊዜው ደርሷል» አሉ። ኃላፊው ደነገጡ። ግርጌው ላይ «ኮሚቴ ይቋቋም» ብለው መሩበት።

አሁን ደግሞ ሌላ ቀጠሮ አለ። አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ጊዜን ከፈረንጆቹ 1970 ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ 2,147,483,647 ሲደርስ ይሞላባቸዋል። ያን ጊዜ ያልተስተካከለው ማሽን በአንድ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 1894፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሉታል። እኔ ወደኛ ብመልሰው ጥር 11 ቀን 2030 ሆነብኝ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ነው። ሕዝቡ ጃን ሜዳ ጸበል ሊረጭ የሚጠባበቅበት ሰዓት።

ይህን አንድ የድሮ የኮሚቴ አባል አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ ብነግረው ፊቱ በራ። «በዓል ላይ ነው የሚውለው?» አለኝ። «አዎ።» «እንግዲያው የትርፍ ሰዓቱ ነገር ከወዲሁ በአጀንዳ መያዝ አለበት።»