ጨርቅ አለቀ ተብሎ ኦፕራሲዮን ይሰረዛል?

አክስቴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ብላ ምግብም ውሃም ሳትቀምስ አደረች። በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት! ማደንዘዣ ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀር ንጹህ ውሃ መጠጣት እንደሚቻል የሕክምናው መመሪያ ራሱ ይላል። የነገራት ግን የለም። ጋውን ለብሳ፣ ቀለበቷን አውልቃ ስትጠብቅ ውላ፣ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ብቅ አለች። «እማማ፣ ዛሬ አይሆንም፤ ስቴራይል የሆነ፣ ከጀርም የጸዳ የኦፕራሲዮን ጨርቅ አልቋል።»

ድንገተኛ ምጥ ገብቶ ቢሆን ማን ይቆጣል? ጨርቅ ግን ድንገተኛ አይደለም! በዋዜማው ጨርቁን፣ ደሙን፣ የላብራቶሪ ውጤቱን፣ የሰመመን ባለሙያውን ማረጋገጥ ምን ይከብዳል? «የጥራት ክፍል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ተለጥፏል። የተሰረዘውን ከነምክንያቱ መዝግቦ «ለምን?» የሚል አለ ወይ? ቀጣዩ ቀጠሮ «እንደውላለን» ነው። ከገጠር በኮንትራት መኪና የመጡት ሽማግሌስ የት ይደሩ?