ደም እየሸናችሁ «ስኳሬ ነው» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። የተቆጣሁትም ስለምሳሳላችሁ ነው። ከስኳር ጋር የምትኖሩትን፣ አባት እናታችሁ ስኳር ያለባቸውንም ነው የማናግረው።

ሽንታችሁ ውስጥ ደም አይታችሁ ዝም ብላችኋል። ሁላችሁም አይደላችሁም። ግን ዝም ያላችሁት ብዙ ናችሁ። ያ ደም የፊኛ፣ ማለትም የሽንት መጠራቀሚያው፣ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል።

የአጎቴን ልንገራችሁ። ስኳር ከያዘው 14 ዓመቱ ነው። መድኃኒቱን የሚያዛንፍ ሰው አይደለም። ሜትፎርሚኑን ከቁርስ ጋር ይውጣል። ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያገላበጠ ያያል፣ ቁስል እንዳይኖር ብሎ። አንድ ጠዋት ሽንቱ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውኃ መሰለ። «ትናንት ቀይ ሥር በልቼ ነበር» አለና ወደ ሥራው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ጠራ። እሱም ረሳው።

ከወር በላይ ቆይቶ ደሙ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ቀይ ሥር የሚባል አልቀመሰም። ሰፈር ያለ ፋርማሲ ገባና «ሽንቴን ያቃጥለኛል» አለ። አያቃጥለውም ነበር። ደም ብሎ መናገር አፍሮ ነው። ሲፕሮ የሚባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት ሰጡት። ደሙ ቆመ። መድኃኒቱ ያቆመው መሰለው። በ7 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲፕሮ ገዛ። በመጨረሻ የረጋ ደም ሽንቱን ዘጋበትና ሌሊት በታክሲ ይዘነው ሮጥን። ፊኛው ላይ የካንሰር ዕጢ ተገኘበት፤ ጡንቻውን ዘልቆ ገብቶ ነበር።

አሁን ፊኛ የለውም። ሽንቱ የሚጠራቀመው ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው። በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ግን እነዚያ 7 ወራት ለምን ባከኑ? እኛስ፣ በየእሑዱ አብረነው ቡና የምንጠጣው፣ የት ነበርን? ይህ ተግሳጽ መጀመሪያ የሚመታው እኔን ነው።

የፊኛ ካንሰር ክፉ ጠባይ አለው። ደም ያሳያል፣ ግን ብዙ ጊዜ አያምም። ደግሞ ደሙ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ሳምንት ይጠፋል፣ ወር ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። በመሀል የወሰዳችሁት ነገር ሁሉ፣ ሲፕሮም ይሁን አብሽ፣ ያዳናችሁ ይመስላችኋል። ደሙ ቆመ ማለት በሽታው ሄደ ማለት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለአባታችሁ አንብቡለት።

ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይታለላል። ቶሎ ቶሎ መሽናት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። «ስኳሬ ከፍ ብሎ ነው» ይላል። የሽንት ኢንፌክሽንም ደጋግሞ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ማቃጠልም ደምም ሲመጣ «ያው የለመደኝ ነው» ይላል። አስፕሪን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ «ደሜን ስላቀጠነው ነው» የሚል ሦስተኛ ምክንያት ያገኛል። አስፕሪን ብትወስዱም ሽንት ውስጥ የታየ ደም መመርመር አለበት። ሰበብ አይሆንም።

ስኳር ራሱ የፊኛ ካንሰር ያመጣል ወይ? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ያዩ ተመራማሪዎች፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የፊኛ ካንሰር ከሌላው ሰው በሩብ ያህል በዝቶ አግኝተውታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንረዳ። ለምሳሌ ከ1,000 ሰው 10 ይያዝ ከነበረ፣ 12 ወይም 13 ሆነ እንደማለት ነው። አብዛኛው የስኳር ታማሚ በዚህ ካንሰር አይያዝም። እንቅልፍ የሚያሳጣ ቁጥር አይደለም፤ ደም አይቶ ዝም ለማለት ግን አያበቃም። ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ አንድ ነገር ላይ አልተደረሰም። ደም ውስጥ የሚበዛው ኢንሱሊን የሴሎችን እድገት ይገፋፋል የሚል አለ። ሳይሟጠጥ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንትና የሚደጋገመውን ኢንፌክሽን የሚጠረጥርም አለ።

አሁን ወደ ሲጋራ ልምጣ፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ለፊኛ ካንሰር ከሁሉም በላይ ተጠያቂው ሲጋራ ነው። በአሜሪካ ከሚታየው የፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከማጨስ ጋር የተያያዘ ነው። የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ሦስት እጥፍ ያህል ይጋለጣል። መርዙ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ከዚያ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ ሰዓታት ይቆያል። እና አንተ ወንድሜ፣ ሻይህን ያለ ስኳር የምትጠጣ፣ ድፎ ዳቦ ሲቀርብልህ «ስኳር አለብኝ» ብለህ የምትመልስ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ስትቀመጥ ግን ግማሽ ፓኮ የምትጨርስ፣ ምኑን ነው የተጠነቀቅከው? ሺሻም ያው ጭስ ነው። ውኃ ውስጥ አለፈ ብሎ ንጹሕ አይሆንም።

በሌላ በኩል የማይገባችሁን ፍርሃት ተሸክማችኋል። «ጣፋጭ ክኒን ካንሰር ያመጣል» ብላችሁ በስኳር ፋንታ የሚገባውን ሳካሪንን የምትሸሹ አላችሁ። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ብዙ ሳካሪን የተሰጣቸው አይጦች ፊኛቸው ላይ ዕጢ ወጣባቸው። በ1977 የአሜሪካ መንግሥት ሊያግደው አስቦ ነበር፤ በኋላ ዕቃው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ተደረገ። ቆይቶ ግን በአይጡ ላይ የታየው ነገር በሰው ላይ እንደማይሠራ ታወቀ። በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ያን ፍርሃት ተዉት።

ስለ መድኃኒት ደግሞ አንድ ነገር። ፒዮግሊታዞን የሚባል የስኳር መድኃኒት አለ። በፈረንጆቹ 2011 ፈረንሳይ ከፊኛ ካንሰር ጋር ሊያያዝ ይችላል ብላ አገደችው፤ ጀርመንም አዲስ ታማሚ እንዳይጀምረው መከረች። አሜሪካ አላገደችውም፣ አስጠነቀቀች። በ2015 የወጣ የ10 ዓመት ክትትል ጉልህ የሆነ ልዩነት አላገኘም። ቢሆንም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ጥናቶቹን እንደገና አይቶ «አደጋውን ሊጨምር ይችላል» የሚለውን ይዞ ቆየ። የፊኛ ካንሰር ያለበት ሰው አይወስደውም፤ ከዚህ በፊት ይዞት የነበረም ለሐኪሙ ሳይናገር መጀመር የለበትም። ይህን የምነግራችሁ ዛሬ ማታ መድኃኒታችሁን እንድትጥሉ አይደለም። መድኃኒት አቁሞ ስኳሩ አናቱ ላይ የወጣበት ሰው ካንሰር እስኪመጣ አይቆይም። የምለው ይህን ነው፦ ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ያመጣላችሁን ክኒን፣ ወይም ጎረቤት «እኔን ተስማምቶኛል» ብላ ያካፈለቻችሁን፣ ስሙን ሳታውቁ አትዋጡ። ካርቶኑን ይዛችሁ ክትትል ወዳላችሁበት ሂዱና አሳዩ።

እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ደሙን የወር አበባ ነው ትላላችሁ። የወር አበባዋ ከቆመ 10 ዓመት ያለፋት ሴት እንኳ «ትንሽ ተመልሶብኝ ነው» ስትል ሰምቻለሁ። በሴቶች ላይ ይህ ካንሰር ቁጥሩ ከወንዶች ያነሰ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገኘው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ደም ካለ፣ ከየት እንደመጣ ይታወቅ።

በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ወይም ኩርሙክ አካባቢ ያደጋችሁ፣ በልጅነታችሁ ወንዝ ስትዋኙ የከረማችሁ፣ ያንንም ለሐኪሙ ንገሩት። እዚያ ያለው የሽንት ቢልሃርዚያ ደም ያሸናል፤ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየም የራሱን ዓይነት የፊኛ ካንሰር ያመጣል።

ፋርማሲ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በእናንተ አዝኛለሁ። አንድ የ60 ዓመት ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሲፕሮ ሊገዛ ሲመጣ «አባባ፣ ሽንትዎ ደም አለው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እናንተ ፊቱን የምታውቁት ናችሁ። ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያያችሁት እናንተ ናችሁ።

ምርመራው የምትፈሩትን ያህል አይደለም። ሽንት ይታያል፣ አልትራሳውንድ ይነሣል። አልትራሳውንድ ትንሽ ዕጢ ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ሐኪሙ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ፊኛውን ከውስጥ ያያል። የሚያደነዝዝ ጄል ይደረጋል፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። አጎቴ «ለዚህ ነው 7 ወር የሸሸሁት?» ብሎ አለቀሰ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ወይም የፕሮስቴት ማበጥ ነው። ካንሰር ቢሆንም፣ የላይኛው ሽፋን ላይ እያለ ከተደረሰበት በዚያው በሽንት መንገድ ተፍቆ ይወጣል፤ ፊኛው ይቀራል፣ ከዚያ ክትትል ነው።

ቀጠሮ ስትሄዱ «ሽንቴ ደም ነበረው» በሉ። «ያቃጥለኛል» አትበሉ፣ «ትንሽ ተለውጧል» አትበሉ። ደም በሉት። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ተናገሩ። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሡት፤ ሐኪም አይጸየፈውም። ዛሬ ሐሙስ ከሆነና ዛሬ ጠዋት አይታችሁት ከሆነ፣ የሚቀጥለው ወር ቀጠሯችሁን አትጠብቁ። ነገ ዓርብ ሂዱ።