ቦቴው ይጎፍ ይደርስ ይሆናል፤ ደንቆሮ ጫካስ?

የግል የውሃ ቦቴዎችና ዶዘሮች በኪራይ ለደን ቃጠሎ ይሰለፉ የሚለውን ጽሑፍ አነበብሁ። ሐሳቡ ክፋት የለውም። አሜሪካኖቹም ያደርጉታል፤ ነገር ግን ውሉን የሚፈራረሙት የእሳቱ ወቅት ሳይገባ ነው፤ መኪናው ቀድሞ ይፈተሻል፣ ሠራተኛውም ይሠለጥናል። እኛ ዘንድ ጨረታው የሚወጣው ጭሱ ከታየ በኋላ እንዳይሆን!

ደግሞስ የትኛው ቦቴ? ኮምቦልቻ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ የማያቸው ከኋላ ባለው ቧንቧ አቧራ ከማርጠብ አያልፉም። ፓምፕና ረጅም ቱቦ ከሌላቸው እዚያው አጠገብ ካለው ከይጎፍ ተራራ ደን ግርጌ ቆመው ምን ይፈይዳሉ? ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ያለው ደንቆሮ የሚባለው ጫካማ ጭራሽ አይታሰብ፤ አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ የሚነድበት ገደል የሚወጣው በእግር ነው። ዶዘሩም ቢሆን እሳቱ እንዳይሻገር ብሎ የጠረገውን ዳገት ክረምቱ አጥቦት ይወርዳል።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ከእነርሱ በፊት እሳቱን የተጋፈጠው ግን የአካባቢው ገበሬ ነው። ለባለ ቦቴው የቀን ሒሳብ የሚታሰብለት ከሆነ፣ ቅጠልና አፈር ይዞ ለሚወጣው ሰው አበል፣ ጫማና ጓንት በየትኛው ውል ይካተታል? ጸሐፊው ይህን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።