ኪሱን ሳይነካ የጎበኘ ጀግና

ከተማን በገንዘብ መጎብኘት ማንም ይችላል። ያለው ይከፍላል፣ አለቀ። ጥበብ ማለት ባህር ዳር መጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ ተንፈላሶ፣ ኪሱን ሳይነካ መመለስ ነው። በዚህ ጥበብ ደግሞ የሚስተካከለን የለም።

ዋናው ነፃ ነገር ዘመድ ነው። ከሌለ ይፈለጋል። የአክስት ባል ወንድም፣ የድሮ ጎረቤት፣ ምንም ቢጠፋ የማኅበር ጓደኛ የክርስትና ልጅ። የሚደወለው አውቶቡሱ ደጀን ሲደርስ ነው። ቀደም ብሎ መደወል ሰው ማስጨነቅ ነው፤ «እኛ እንኳ ገጠር ልንሄድ ነበር» ለማለትም ፋታ ይሰጣል። ደጀን ላይ ግን የዓባይ በረሃ ታልፏል፣ መመለስ የለም።

እደጃፉ ሲደርስ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል። «እንቦሳ እሰሩ!» ይሉታል። ይታሰራል። ለሦስት ቀን ብሎ የመጣው እስከ ሌላው እሁድ ንቅንቅ የለም። የቤቷ እመቤት «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ስትለው እምቢ ብሎ አያስቀይማትም፤ ሰው አክባሪ ነው። የልጆቹ አልጋ ሲለቀቅለትም ቅር እንዳይላቸው ዝም ብሎ ይተኛበታል። ጠዋት ታዲያ መሬት መተኛት ለወገብ ጥሩ መሆኑን ያስረዳቸዋል።

ባጃጁን የሚከፍለው ጋባዡ ነው። እንግዳው ግን ኪሱን መዳበሱ አይካድም። ይዳብሳል። ቀስ ብሎ፣ በደንብ፣ ባጃጁ እስኪሄድ።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውኃ ነው፤ ዳር ቆሞ ለማየት ማንም አያስከፍልም። ጀግናችን ግን የሚያየው ከካፌ ወንበር ላይ ነው፤ ጥላው ደህና፣ ነፋሱ ደህና። አምስት ሆነው አንድ ማኪያቶ ያዛሉ። ለፎቶ ያስፈልጋላ! ማኪያቶው ተራ በተራ ከአምስቱም ጋር ፎቶ ይነሳል። አስተናጋጇ «ምን ልጨምር?» ስትል «ዋይፋይ» ይሏታል።

በደንገል ታንኳ ዓሣውን ይዞ የደረሰ አስጋሪ ካገኘ ደግሞ «ወንድሜ፣ አንዴ መቅዘፊያዋን» ብሎ ይቀበለዋል። ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ አድማስ አድማሱን እያየ ፎቶ ይነሳል። ዓሣው ፀሐይ ይሞቃል። ሲጨርስ «በርታ!» ብሎት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ማበረታቻ በብር አይተመንም።

በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። በእግር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሱ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ይውልበታል፤ ያውም በብስክሌት መንገዱ መሃል። ፎቶ አንሺው ጋባዡ ነው፤ ከሥራ አስፈቅዶ።

ዘንባባዎቹም ከእሱ ቸርነት አልጎደሉም። ጨለም ሲል አንዱን መርጦ ያጠጣል። መጸዳጃ ቤት ይከፈልበታላ።

ጢስ ዓባይ ላይ ብቻ ተበሳጨ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመግቢያ ትኬት ጠየቁት። «ውኃው የእግዜር አይደል እንዴ?» ብሎ ሲሟገት ጋባዡ አፍሮ ከፈለ። በጋ ነበርና ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ዞሮ ፏፏቴው ቀጥኗል። በዚህ ጊዜ ወኔው መጣ፤ ገንዘቡ ይመለስልኝ አለ። ያልከፈለው ገንዘብ። (እኔ እንኳ ለመብቱ እንዲህ የሚቆም ሰው ደስ ይለኛል።)

ሲመለስ አንድ ጀሪካን ማርና ሩብ ኩንታል የአዴት ጤፍ ተሸክሞ ነው። ትኬቱ ተቆርጦለታል። አዲስ አበባ እንደገባም «ባህር ዳር ኑሮ ተወዷል» ብሎ ለጠፈ፤ ሰው ሁሉ አዘነለት።

በወሩ ጋባዡ ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ ሆነና ደወሉለት። ወዲያው አነሳ። ስልክ የሚዘጋ ሰው አይደለም።

«ጋሼ! እንዴት ደስ ይላል! አዲስ አበባ እኮ ብዙ ነፃ ነገር አለ። መስቀል አደባባይ መግቢያ የለውም፣ እንጦጦ መንገዱን ይዘው በእግር ይወጣሉ፣ አየሩ ራሱ መድኃኒት ነው። ማደሪያ የት እንደያዙ ብቻ ይንገሩኝ፤ ብቅ ብዬ ሰላም እልዎታለሁ፣ እግረ መንገዴንም እራት እንበላለን።»