አዲስ መሣሪያ ብቻውን ጥራት አይሆንም

ስለ አፈር ምርመራ ያነበብኩት ጽሑፍ የምርመራውን ጥራት ከመሣሪያ አዲስነት ጋር ብቻ ማያያዙ አላሳመነኝም። በምሥራቅ ጎጃም ማቻከል ወረዳ ከአንድ ማሳ የወሰድነውን አፈር በሚገባ ደባልቀን፣ በሁለት ከረጢት ከፍለንና የተለያየ ቁጥር ሰጥተን ወደ አንድ ላቦራቶሪ ብንልከው፣ የአንዱ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ ቁጥር፤ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ አሲዳማ ነው) 4.9፣ የሌላው 5.6 ሆኖ ተመለሰ፤ በዚህ ልዩነት አሲዳማነቱን ለመቀነስ ለአንድ ሄክታር የሚመከረው ኖራ በብዙ ኩንታል ይለያያል። መሣሪያው ግን አዲስ ነበር። የጎደለው፣ እንደሚመስለኝ፣ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ፈሳሾች መለኪያውን በየዕለቱ ማስተካከል፣ እንዲሁም ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና በየዙሩ አብሮ መመርመር ነው። በተጨማሪም አንዳንዱ ላቦራቶሪ አፈሩን በውኃ፣ ሌላው ፖታሲየም ክሎራይድ በተባለ ጨው ሙሙት በጥብጦ ፒኤቹን ስለሚለካ (የኋለኛው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል)፣ ዘዴው በውጤት ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ የግብርና ባለሙያው ሁለት ቁጥሮችን የሚያነጻጽርበት መንገድ የለውም።