የቆየ ስፖርት መኪና ሁሉ ኪሳራ አይደለም
"የቆየ ስፖርት መኪና ከአዲስ ሃችባክ (የኋላ በሩ ወደ ላይ ከሚከፈት አነስተኛ የቤት መኪና) አንጻር ሁሌም ኪሳራ ነው" በሚለው ጽሑፍ አልስማማም። አዲሱም እኮ ገና ከመሸጫው ሲወጣ ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ይብሳሉ። የቆየው አብዛኛውን ወርዶ ጨርሷል። እኔ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የሚባለውን ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና፣ የመጀመሪያውን ትውልድ፣ ለዓመታት ነድቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያለው፣ ክብደቱ 1,000 ኪሎ የማይሞላ፣ የኋላ ጎማው የሚገፋው። ሞተሩ አላስቸገረኝም። ያስለቀሰኝ ዝገቱ ነው። የጨርቅ ጣሪያው ውሃ ማውረጃ ቀዳዳ ሲደፈን ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ቀለሙ ከውጭ እያማረ ከውስጥ ይበላዋል፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ ገብታችሁ በባትሪ እዩት። ከላይ በአስተያየትህ "ፖርሽ ቦክስተር ግዙ" ያልከው ወንድሜ፣ መኪናው ግሩም ነው፣ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2008 በተሠሩት ላይ ሞተሩ ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ከተሰበረ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል፤ መቀየሩን በደረሰኝ ሳታረጋግጥ አትክፈል። ጸሐፊው የቆዩት በደህንነት ያንሳሉ ማለቱ ግን ልክ ነው። የድሮዎቹ ብዙዎቹ መንሸራተት የሚቆጣጠር ሲስተም የላቸውም፣ ዝናብ ላይ በደንብ ይታወቃል። ልጆች የምታመላልሱ ከሆነማ ሁለት ወንበር አይበቃችሁም፣ ሃችባኩን ግዙ።