ሪፖርቱ ለመንግሥት፣ ቅጣቱ ለተማሪ

ኧረ እባካችሁ፣ «ለዓለም አቀፍ ተማሪዎቻችን ሁለተኛ ቤታቸው ነን» የሚለውን ጽሑፍ ከድረ ገጻችሁ ላይ አንሱልን። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። ሁሉንም አይደለም፤ ሥራቸውን አሳምረው የሚሠሩ ቢሮዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እጃቸው ይባረክ። የዛሬው ብሶት ሕግ ማክበር ማለት የራስን ፈቃድ መጠበቅ ብቻ በሚመስላቸው ላይ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ኮሌጅ የኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ የያዘ የውጭ አገር) ተማሪ ለመቀበል ሴቭፕ ከሚባለው የመንግሥት ክፍል ፈቃድ ማውጣት አለበት። ማመልከቻው አይ-17 ይባላል፤ ፈቃዱ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። ተማሪዎቹን የሚከታተሉ ዲኤስኦ የሚባሉ ሠራተኞች ይመደባሉ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የተማሪው ነገር ሁሉ ሴቪስ በሚባል የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ይገባል። አዲስ ተማሪ መጥቶ መመዝገቡን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አድራሻ ሲቀየር፣ ተማሪው ሳይመዘገብ ሲቀር፣ ትምህርት ሲያቋርጥ ወይም ቀድሞ ሲጨርስ 21 ቀን አላቸው። ይህን የዘነጋ ትምህርት ቤት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ቀልድ የለም። ተማሪው ግን ኢሜይል ልኮ «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልሳለን» የሚል አውቶማቲክ መልስ ሲደርሰው፣ የእሱም የሕግ ሰዓት እየቆጠረ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

ከምልመላው እንጀምር። የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ባመጡት ተማሪ ቁጥር ለመልማይ ኮሚሽን እንዳይከፍሉ ይከለክላል። ወዲያው ግን አንድ ቀዳዳ ይከፍታል፦ በውጭ አገር የሚኖሩና የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ የማይመለከታቸው የውጭ ተማሪዎች ከክልከላው ውጭ ናቸው። በአጭሩ የኦሃዮውን ልጅ በኮሚሽን ማምጣት ክልክል ነው፤ የደሴውን ልጅ ማምጣት ይቻላል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ «ቪዛ 100% ዋስትና» የሚል ባነር የሰቀለው ሁሉ ከዚህ ቀዳዳ ነው የሚበላው። ከተማሪው «የፕሮሰስ» ይቀበላል፣ ከትምህርት ቤቱ ደግሞ ኮሚሽን። ለዋስትናው ተጠያቂው ማን ነው? ማንም። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው እንጂ ኤጀንቱም ዩኒቨርሲቲውም አይደለም።

ነገሩን ሕጉም ያውቀዋል እኮ! ዋና ሥራው ለክፍያ የውጭ ተማሪ መመልመል የሆነ ሰው ዲኤስኦ መሆን እንደማይችል ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የመለመለ ሰው ራሱ አይ-20 (ተማሪው ቪዛ የሚጠይቅበትን የትምህርት ቤቱን የቅበላ ሰነድ) እንዳያወጣ ነው። አይ-20 ከመውጣቱ በፊት ትምህርት ቤቱ የተማሪውን ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃና የገንዘብ ማስረጃ ተቀብሎ፣ ራሱ መርምሮ፣ ለሙሉ ጊዜ ትምህርት መቀበል አለበት። ራሱ መርምሮ! ኤጀንቱ በአንድ ፒዲኤፍ ጠቅልሎ የላከውን አይቶ ማለፍ ምርመራ አይባልም።

ከዚህ ግዴላሽነት የሚመጣውን በእኛ ልጆች ላይ እንየው። የባንክ ስቴትመንት በብር ይመጣል። እስከ ጁላይ 2024 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ 3 ሚሊዮን ብር ያለው አባት ወደ 52 ሺህ ዶላር አለው ማለት ነው። በጁላይ 29፣ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ ከወራት በኋላም ዶላሩ 120 ብር አለፈ። ያው 3 ሚሊዮን 25 ሺህ ዶላር ሆነ። አይ-20ው ላይ ግን «የቤተሰብ ገንዘብ» በሚለው ቦታ የድሮው ቁጥር ተቀምጧል። ልጁ ያንን ይዞ ቆንስላው ፊት ይቀርባል፤ ቆንስላው ስሌቱን በራሱ ይሠራል፣ ልጁም ተከልክሎ ይወጣል። የሴቪስ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ 535 ዶላር እልም። የገንዘቡን መጠን አርሞ፣ ስፖንሰር ጨምሮ አዲስ አይ-20 ማተም ግን ለዲኤስኦው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። ማን ነገረው? ማንም።

ስሙንማ ተዉት። ሴቪስ ውስጥ የሚገባው ስም ፓስፖርቱ ላይ በማሽን በሚነበበው መስመር ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቢሮው ግን ከትራንስክሪፕቱ ይገለብጣል፤ የአባት ስም በአያት ስም ቦታ ይገባል፣ የትውልድ ዓመቱም በአንዱ ሰነድ 1998 በሌላው 2006 ሆኖ ይቀራል። ኢትዮጵያ የራሷ ዘመን አቆጣጠር እንዳላት ያልሰማ የአድሚሽን ሠራተኛ «ሰነዱ ተጭበርብሯል» ብሎ ቢጠረጥር አይገርምም። ከኢትዮጵያ ተማሪ እየመለመሉ ይህን አለማወቅ ግን ያሳፍራል። ለተማሪዎች፦ አይ-20 እንደደረሳችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ስህተት ካለ ከኤምባሲ ቀጠሮ በፊት አስታርሙ። ከሁለት ሦስት ትምህርት ቤት አይ-20 ከመጣላችሁ እያንዳንዱ የየራሱ የሴቪስ ቁጥር አለው፤ 350 ዶላሩን የምትከፍሉት ይዛችሁ በምትቀርቡት ቁጥር ነው።

ቪዛው ተገኘ እንበል። በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቪዛ 3 ወር ብቻ የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ይህ ማለት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ኖቬምበር ላይ ፓስፖርቱን ገልጦ «ቪዛዬ አልቋል፣ ሕገ ወጥ ሆኛለሁ» ብሎ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ቪዛ መግቢያ ነው፤ አገሩ ውስጥ የሚያቆየው ስታተሱ ነው፣ ስታተሱም ትምህርቱንና አይ-20ውን በአግባቡ እስከያዘ ድረስ ይቀጥላል። ወጥቶ መመለስ ከፈለገ ግን አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ አይ-20ው ላይም ካለፈው 1 ዓመት ወዲህ የተፈረመ የጉዞ ፊርማ መኖር አለበት። ይህን በኦሬንቴሽን ቀን አምስት ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት ምን ያህል ይከብዳል? በዚያ ቀን የሚሰጠው ግን ቲሸርትና ፒዛ ነው።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልግባ። የባችለር ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ከኦንላይን ኮርስ ለዚህ የሚቆጠርለት አንድ ብቻ፣ ቢበዛ 3 ክሬዲት ነው። ከ12 በታች መውረድ የሚችለው ዲኤስኦው *አስቀድሞ* ሴቪስ ውስጥ ሲፈቅድለት ነው። ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው፦ ከቋንቋ ወይም ከአሜሪካ የማስተማር ዘዴ ጋር መላመድ ማቃት (ይኸኛው በአንድ የዲግሪ ደረጃ አንዴ ብቻ፣ ቢያንስ 6 ክሬዲት ይዞ)፣ በሐኪም የተመሰከረ ሕመም (በድምሩ እስከ 12 ወር)፣ ወይም የመጨረሻ ሴሚስተር ሆኖ የቀረው ኮርስ ጥቂት ሲሆን።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። ካልኩለስ የከበደው ልጅ የአካዴሚክ አድቫይዘሩን ያማክራል። አድቫይዘሩ ሕጉን አያውቅም፣ «ውጤትህ እንዳይበላሽ ድሮፕ አድርገው» ይለዋል፤ ለአሜሪካዊ ተማሪ ጥሩ ምክር ነው። ልጁ ሬጅስትራር ፖርታል ገብቶ አንድ ቁልፍ ይነካል፣ ኮርሱ ይወጣል፣ 9 ክሬዲት ላይ ይቀራል። የሬጅስትራሩ ሲስተም ከሴቪስ ጋር አይነጋገርም። ዲኤስኦው ከሳምንታት በኋላ ዝርዝር ሲያወጣ ያያል፣ 21 ቀኑ ትዝ ይለዋል፣ «ያለፈቃድ ከሙሉ ጊዜ በታች የወረደ» የሚለውን መርጦ መዝገቡን ይዘጋል። ልጁ አድቫይዘሩን ሰምቶ ስታተሱን አጣ። ሥራ የለም፣ ጉዞ የለም፣ የእፎይታ ቀን እንኳ የለም።

መፍትሔው እኮ ገንዘብ አይጠይቅም! በሬጅስትራሩ ሲስተም ላይ የኤፍ-1 ተማሪዎችን ለይቶ፣ ከ12 በታች የሚያወርድ ድሮፕ ሲመጣ ያለ ዲኤስኦ ፈቃድ እንዳያልፍ ማገድ ነው። ይህን ያደረጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ተማሪው ላይብረሪ መጽሐፍ ሳይመልስ ቢቀር ምዝገባውን የሚቆልፍ ሲስተም፣ ስታተሱን የሚያሳጣውን ቁልፍ ሲነካ ዝም የሚለው ለምንድን ነው?

መዝገቡን ሲዘጉ የሚመርጡት ምክንያት ራሱ ዕድል ነው። ዲኤስኦው አውቆ ከፈቀደለት «በፈቃድ ያቋረጠ» ይባልና ከአገር ለመውጣት 15 ቀን ያገኛል፤ ዲግሪውን ጨርሶ የወጣ 60 ቀን ያገኛል፤ ያለፈቃድ የሚለው ከተመረጠ ዜሮ። ስታተስ ለማስመለስ የሚገባው ማመልከቻ አይ-539 ነው፤ ከወደቀ 5 ወር ካለፈው ደግሞ ልዩ ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ዲኤስኦው ተሳስቶ ከሆነ ቢሮው ራሱ ለሴቭፕ የእርማት ጥያቄ ማቅረብ አለበት። «አንተ አይ-539 ሙላ» ብለው የራሳቸውን ስህተት በተማሪው ወጪ የሚያስተካክሉ ሲያጋጥሙ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀኑንም ያዙ።

በኤፕሪል 2025 ደግሞ መንግሥት ራሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን መዝገብ ከሴቪስ ውስጥ ዘጋ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የነገራቸው አልነበረም፤ ገብተው ሲያዩ ነው ያገኙት። በየቀኑ እየገቡ ያረጋገጡ ቢሮዎች ለተማሪው በዚያው ቀን ደውለው ጠበቃ አገናኙት። ሌሎቹ ደግሞ «መማር አቁም» የሚል ደብዳቤ ልከው አረፉ። ተማሪዎች በየፍርድ ቤቱ ከሰሱ፣ በወሩ መጨረሻም መዝገቦቹ መመለስ ጀመሩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእነዚያ ደብዳቤ ላኪዎች ነው።

ስለ ገንዘብ ችግር ስንመጣ ዝምታቸው ይበልጥ ያናድዳል። ኤፍ-1 ተማሪ ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት እንደሚችል ሁሉም ይነግራል። አንድ የትምህርት ዓመት የጨረሰና ያላሰበው ከባድ የኢኮኖሚ ችግር የደረሰበት ተማሪ በዲኤስኦው ድጋፍ አይ-765 አስገብቶ ከግቢ ውጭ የመሥራት ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችል ግን ስንቱ ቢሮ ይናገራል? ደንቡ ምሳሌ ብሎ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የምንዛሪ ዋጋ ከፍተኛ መዋዠቅ ነው። የብር ጉዳይ በስሙ ተጽፎ ተቀምጧል እኮ! ለኢትዮጵያውያን የኤፍ-1 ተማሪዎችም ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 2025 የዘለቀ ልዩ እፎይታ ነበር፤ ማስታወቂያው በወጣበት ጊዜ እዚያው በስታተስ ላይ የነበሩት ከ20 ሰዓት በላይ ለመሥራትና ክሬዲት ለመቀነስ የሚያስችላቸው። ስንቱ ሳይሰማ አለፈው!

ትምህርት ቤት መቀየር የፈለገውን «መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» ብለው የሴቪስ ዝውውሩን የሚይዙም አሉ። ትራንስክሪፕት መያዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሴቪስ መዝገብን ግን የዕዳ መያዣ ማድረግ አይፈቀድላቸውም። ኦፒቲም (በተማሩበት ሙያ ለጊዜው የሚሠራበት ፈቃድ) እንደዚሁ ነው፦ ማመልከቻው ትምህርት ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 60 ቀን በኋላ ይገባል፣ ግን ዲኤስኦው ሴቪስ ላይ ድጋፉን ካስገባበት ቀን በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ድጋፉን አስገብተው አዲሱን አይ-20 ዘግይተው የሚልኩ ቢሮዎች ከዚያ ከ30 ቀን ላይ ነው የሚበሉት።

ደግሞ «ፈርፓ» የምትባል ማምለጫ አለች፤ የ1974ቱ የተማሪ መረጃ ጥበቃ ሕግ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎት ክፍያውን እየከፈለ ስለ ልጁ ቢጠይቅ አይነግሩትም፤ ይህ ትክክል ነው፣ የተማሪው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ትክክል ያልሆነው ፎርሙ መኖሩን አለመንገራቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፈርሙት። የጤና ኢንሹራንሱም ያው ነው፤ ለጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ የፌዴራል ደንቡ በአንድ ሕመም ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር ሽፋን ሲጠይቅ፣ ለኤፍ-1 እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ትምህርት ቤቱ የራሱን ኢንሹራንስ ሲያስገድድ «የመንግሥት ሕግ ነው» ካለ የራሱን ፖሊሲ ነው የሚያወራው።

ሌላ አገር እንዴት ነው ለሚል፦ የአውስትራሊያ የ2000 ሕግ ትምህርት ቤቱ የኤጀንቶቹን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ እንዲያወጣ ያስገድዳል፣ ትምህርቱን ማስጀመር ያልቻለ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ወይ ተማሪው የሚቀበለው ሌላ ኮርስ ያዘጋጃል፣ ወይ ገንዘብ ይመልሳል። አሜሪካ ውስጥ ለውጭ ተማሪ ተብሎ የወጣ የፌዴራል የተመላሽ ሕግ የለም፤ ዲፖዚታችሁ ያለው በትምህርት ቤቱ ፖሊሲ እጅ ነው።

ስለዚህ ዲፖዚት ከመላካችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ። ቪዛ ከተከለከልኩ ስንት ዶላር፣ በስንት ቀን ይመለሳል? ኤጀንቴ በእናንተ ዘንድ ውል አለው? አንድ ዲኤስኦ ስንት ተማሪ ይይዛል? ከ12 ክሬዲት በታች የሚያወርድ ድሮፕ ሲስተማችሁ ያግዳል? ለአስቸኳይ የስታተስ ጥያቄ በስንት ሰዓት ትመልሳላችሁ? መልሱን የሚሰጣችሁም አድሚሽን ሳይሆን ዲኤስኦው ይሁን፣ በስሙ፣ በጽሑፍ።